የብሎክ አርባ አንድ ሙሉ ሰዎች

«ክቡራን የብሎክ አርባ አንድ ነዋሪዎች! አቶ ያቤጽ ደምሰው ዛሬ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ከእንቅልፋቸው መንቃታቸውን ስንገልጽ የሚሰማን ክብር ታላቅ ነው። ስኳራቸው ልክ ነው። ሙሉ ናቸው።»

ያቤጽ ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጦ፣ ግራ እግሩን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ፣ የአውራ ጣቱን ፋሻ ሲፈታ ነው። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ሳብ ሲያደርገው አልተሰማውም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር፤ አለመሰማቱ።

ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ የራሱ የያቤጽ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የአዳማው ብሎክ አርባ አንድ እድር ለፋፊ ሳለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ቃላት አስነበቡት። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በእሱ ድምፅ የፈለገውን ይናገራል፤ እሱ ግን ስለ ራሱ የሚባለውን እንደማንም ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የሕዝቡ መንቃት ከምድር ቤት ተነስቶ ፎቅ በፎቅ ይታወጃል። አሥራ አራት ወንዶች ነቅተዋል፤ አሥራ አራቱም ሙሉ ናቸው። በመጨረሻ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ድምፁ ዝቅ አለ፦ «አቶ ሱራፌል ግዛውም ነቅተዋል። በክትትል ላይ ናቸው። በርቱ እንላቸዋለን።»

ነገሩ የተጀመረው ለበጎ ነው። ወንዶች ስኳራቸውን ይደብቃሉ፣ ስኳሩ የወሰደባቸውን ደግሞ አጥብቀው ይደብቃሉ፣ በዚያም ሲብሰለሰሉ ይሞታሉ ተባለ። እውነትም ነበር። ስለዚህ የነውር ማስወገጃ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ባለሙያዎቹ ሁለት ዓመት ተሰብስበው ሲያበቁ፣ ነውርን ለማጥፋት ፍቱኑ መንገድ ሁሉንም ነገር በየማለዳው በድምፅ ማጉያ መናገር ነው ብለው ደመደሙ። ለእያንዳንዱ ወንድ አምባር ታደለ። አምባሩ ቀን ቀን የልብ ትርታ ከመቁጠር ያለፈ ሥራ የለውም፤ ሌሊት ግን ስኳሩንም፣ ወንድ ልጅ ተኝቶ ሳለ ሰውነቱ በራሱ ጊዜ የሚሠራውንም ሁሉ ያነባል። ሁለቱም ልክ የሆኑለት ሙሉ ይባላል። ያልሆኑለት በክትትል ላይ ነው፤ በሩ ላይም ቢጫ መብራት ይበራል። በግልጽ የሚነገር ነገር ነውር መሆኑ ይቀራል ተባለ። የሚሰማው ሰው ከሰማ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ አልነበረም።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው። ሱራፌልን ማንም ምንም አልከለከለውም። ሬሳ ሊሸከም ጠጋ ሲል «ተወው፣ አንተ እረፍ» ይሉታል፤ ወንበር ሊያነሳ ሲል «ኧረ እንዳይከብድህ» ይሉታል። ሲያልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መልክ ሲራራለት ሰውዬው ግማሽ አካሉ ቀርቷል።

«ሙሉው ሰውዬ!» አለች ሶልያና፣ የያቤጽ ሚስት፣ ከበሩ ውጪ። «ቁርስ ቀርቧል።»

ያቤጽ ጣቱን በጨው ውኃ አጥቦ፣ በፋሻና በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ካልሲ ደርቦ ወጣ። ማር የተንዠቀዠቀበት ጨጨብሳ ይጠብቀዋል። ስኳሩ ልክ መሆኑ በታወጀ ሰው ፊት ማር መቅረቡ ተገቢ ነው፤ አልፈልግም ቢል ደግሞ ለምን ይባላል። ስለዚህ በላ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲበላ ኖሯል።

ሶልያና ፀጉሯን እንደገና ቀለም ተቀብታለች፤ በዚህ ዓመት ለአራተኛ ጊዜ። ከስታለችም።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ሙሉነቱ። እኔ እንደሆነ አራት ዓመት ሙሉ አላየሁትም።»

«ወገቤን ያመኛል አላልኩሽም?»

«ወገብህ የሚያምህ እኔ ስጠጋህ ነው። ለድምፅ ማጉያው ደህና ነህ።»

ያቤጽ ጨጨብሳውን ቆረሰ። ሚስቱ ውሽማ አለው ብላ እንደምታስብ ያውቃል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ነገሩን የሰማ ቀን ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው የዋለው፤ ባለ ውሽማ መባል ከሌላው ነገር ይሻላል። አሁን ግን ቀና ሲል ዓይኗን አየው። የቆረሰውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

የያቤጽ ሙሉነት ምስጢሩ በር ላይ ነው። የብሎኩ ዘበኛ ኦቦ ሮባ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ በቀን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል፣ አርሲ ያለችው ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት። የገጠር ሰው ስለሆነ አምባር አልተሰጠውም። ያቤጽ ማታ ማታ አምባሩን በሳሙና አሙለጭልጮ ያወልቅና፣ ቆሻሻ ሊጥል እንደወጣ ሰው ሆኖ ዘበኛው ቤት ጎራ ይላል። ባዶ የሆነ አምባር ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሣል፤ ከዚያ ካለፈ ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ያምናል። አምባሩን በሕይወት ያለ ሰው ያወልቀዋል ብሎ ጽሕፈት ቤቱ አላሰበም። ሮባ አድርጎት ያድራል፤ ያቤጽ ከማለዳው አዋጅ በኋላ ይቀበለዋል፤ እስከዚያ ረጅም እጅጌ ይለብሳል።

ሮባ በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቀን ስታልፍ እንደ ሰው ሰላም በለኝ» አለ። ያቤጽ ቃሉን ጠብቋል። የሚገርመው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የብሎኩ ወንዶች ሁሉ ዘበኛውን እጅ እየነሱ ማለፍ ጀምረዋል፤ ያቤጽ ይህን የወሰደው ጨዋነት እንደ ተስፋፋ አድርጎ ነው። ሮባ አዳማ በሙቀት እየነደደች ማታ ማታ ረጅም ካፖርቱን አለማውለቁን የእርጅና ብርድ ነው ብሏል። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ና፤ አትቅደም፣ አትዘግይ» ማለቱን ደግሞ የጸሎት ሰዓት ይሆናል ብሎ አልፎታል። ያቤጽ የራሱን ምስጢር ሲጠብቅ የሌላ ሰው የሚታየው ዓይነት ሰው አይደለም።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ከከተማው ማዶ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ሄደ። ሲስተር ኢፍናን የምትባል ወጣት ነርስ ፋሻውን ፈታች። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ይሄ ይበልጥ አስደነገጠው።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስት ሳምንት። አዲስ ጫማ ነው የላጠኝ።»

መዝገቡን ከፈተች። ብዙ አነበበች። «አቶ ያቤጽ፣ እዚህ ላይ ጤነኛ ነዎት። የሌሊት ልብዎ የገበሬ ልብ ነው። ይህ እግር የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«መዝገቡስ?»

ያቤጽ ግድግዳውን አየ።

«ገባኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «የመድኃኒት ሣጥኑ የሚከፈተው በአምባር ንባብ ነው። እኔ ብፈልግም እጄ አይከፍተውም። ዛሬ ማታ የራስዎን አምባር በራስዎ እጅ አድርገው ይተኙና ነገ ጠዋት ይምጡ። አንድ ሌሊት ብቻ። ከነገ ካለፈ ለጣቱ ዋስ አልሆንም፤ ሳምንት ካሉ ደግሞ ለእግሩ።»

«እንደኔ ያለ ሰው ብዙ ይመጣል?»

«ብዙ። ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ካልሲውን ሲያጠልቅ፣ ወደ በሩ እያየ «አንድ ጓደኛ አለኝ» አለ።

ሲስተር ኢፍናን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ይህን ጓደኛ በደንብ የምታውቀው ትመስላለች።

«ስኳር አለበት። ከሚስቱ ጋር... ማለቴ፣ ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነለትም።»

«ስኳሩ የደም ሥርና ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ነው። ሚስቱን ጠልቶ አይደለም፤ ወንድነቱም የትም አልሄደም። ታሟል። ስኳሩ ሲያዝ ለብዙዎች ይሻላቸዋል፤ የሚዋጥ መድኃኒትም አለ። እንቅልፍስ ይተኛል?»

«ማን?»

«ጓደኛዎ።»

«አይተኛም።»

«መኖር ያስጠላዋል?»

ያቤጽ የካልሲውን ጫፍ አጠፈ። «አንዳንድ ጠዋት፣ ስሙ ሲጠራ ባይሰማ ደስ ይለዋል። እንደ እድር ለፋፊ ሲያስበው፣ ስለ ሰው ከሚነገረው ሁሉ የሞት ማስታወቂያ ይሻለዋል። ሙሉም፣ ክትትልም የለበትም። ሞተ ነው የሚለው።»

አንድ ነገር ጻፈች። «ለጓደኛዎ ሰላም ይበሉልኝ። ነገ ጠዋት አብራችሁ ኑ።»

ወጥቶ መንገዱን ሲሻገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው። አንድ ሌሊት ብቻ። ምን አለበት? ቢጫ መብራት ሰው አይገድልም።

ይህ ጀግንነት እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። በአሥር ሰዓት የእድሩ ስብሰባ ነበር።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ናሆም ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸውን ከትከሻቸው ስፋት በላይ ከፈት አድርገው ነው፣ ሙሉ ሰው ጠባብ መቀመጥ የለበትምና። ነገ በአምስት ሰዓት ለልጃቸው ጋብቻ ለመጠየቅ የሚሄዱትን ሽማግሌዎች መረጡ።

«ተናጋሪው ያቤጽ ነው» አሉ። «የልጅቷ ቤተሰቦች ጨዋ ናቸው፤ የሚመጡት ሙሉ ሰዎች መሆናቸውን ጠይቀው አረጋግጠዋል። ድምፅህ ያስፈልገናል፣ ያቤጽ።»

«እኔም ብመጣስ?» አለ ከኋላ ሱራፌል። «የልጅቷን አባት አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነው የተማርነው።»

ሰው ሁሉ ወለሉን አየ።

«ሱራፍዬ» አሉ አቶ ናሆም በታላቅ ርኅራኄ፣ «አንተ ብታርፍ አይሻልም? የልጅ ልጅ ነገር በሚነሳበት ቦታ፣ ምን ብለህ ትቀመጣለህ ወንድሜ?»

«ሥራ ስጡት እንጂ!» አለ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢዮስያስ። «የድንኳኑን ቁልፍ እሱ ይያዝ። ድንኳን ቢተክል እንኳ አንድ ነገር ቆመለት ማለት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የጮኸው የያቤጽ ሳቅ ነበር፤ ለንግግር የሠለጠነ ድምፅ ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። ሲጨርስ ሱራፌል እያየው ነበር። በቁጣ አይደለም፤ አንድን ሰው የት እንደሚያውቀው ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነው ያየው።

ሱራፌል ቁልፉን ተቀበለ። «ደንቡ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀ። «ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው ማነው?»

«በሕይወት ያሉ ወንድ አባላት በሙሉ» አሉ አቶ ናሆም።

«እሺ» አለ ሱራፌል።

ያቤጽ ማታ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳሙናውን ይዞ ተቀመጠ። አምባሩ እጁ ላይ ነው። ካላወለቀው ነገ ማለዳ የራሱ ድምፅ በክትትል ላይ ናቸው ይላል፣ ኢዮስያስ ይሰማል፣ አቶ ናሆም በአምስት ሰዓት ሌላ ተናጋሪ ይዘው ይሄዳሉ፣ በሩ ላይ ቢጫ ይበራል። ካወለቀው ደግሞ ጣቱ አለ። ጣቱን አየው። ጠርዙ ጠቁሯል። ስለማይሰማው የሌላ ሰው ጣት ነው ብሎ ማሰብ አያስቸግርም።

ከነገ ወዲያ አለ በልቡ። ሽምግልናው ይለፍና ከነገ ወዲያ። ያቤጽ በአራት ዓመት ውስጥ ያልወሰነው ነገር ሁሉ የተቀጠረው ለዚሁ ቀን ነው።

በሁለት ሰዓት ከሩብ አምባሩን ለሮባ ሰጠው። ሮባ ስልኩን ጆሮው ሥር ወሽቆ ቆሟል።

«ሚስቴን ምጥ ይዟታል» አለ። «ከጠሩኝ ሄጃለሁ።»

«ኦቦ ሮባ፣ እባክህን! እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ብቻ ታገሥልኝ።»

«ምጡን ነው የምታገሥልህ?»

«እንግዲያው ሳትነግረኝ እንዳትሄድ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።» ሮባ አምባሩን በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ወደ ላይ ገፋው፤ ከወዲያ ከሌላ ብረት ጋር እንደተጋጨ ቅጭል አለ። ያቤጽ ሰዓቱ ይሆናል ብሎ አሰበ። «ስማ፣ ልጄ። ዛሬ እጅህ ላይ ብታደርገው ይሻልህ ነበር። እግርህ ይሸታል።»

ያቤጽ እግሩን ወደ ኋላ ሸሸገ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሶልያና ሻይ ስትቀዳ፣ እሱ ማሩን ሲያይ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። መጀመሪያ የተሰማው የማለዳው ሙዚቃ አይደለም፤ የጥሩምባ ድምፅ ነው።

«ክቡራን የብሎክ አርባ አንድ ነዋሪዎች! አቶ ያቤጽ ደምሰው ዛሬ ጥቅምት አሥር ቀን ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ስንገልጽ የሚሰማን ሐዘን ታላቅ ነው።»

ሙሉም፣ ክትትልም አልነበረበትም። እንደተመኘው ነው። ሆኖም ያሰበውን ያህል አላሳረፈውም፤ አልሞትኩም ብሎ ለመጮህ አፉን ከፈተ። ድምፁ ግን ሥራ ላይ ነበር።

«አቶ ናሆም ታደለም ከዚህ ዓለም...»

ያቤጽ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሞቱ ፎቅ በፎቅ ወጣ። ኢዮስያስ ሞተ። ከሦስተኛ ፎቅ የሚስቱ ጩኸት ተሰማ፣ ወዲያውም ተቋረጠ፤ ሟቹ ዝም አሰኝቷት ይሆናል። አራተኛ ፎቅ አለቀ። አሥራ አራት ሰው፣ በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፦ «አቶ ሱራፌል ግዛው ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል። በክትትል ላይ ናቸው። በርቱ እንላቸዋለን።»

ሶልያና የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንዳንጠለጠለች የባሏን ባዶ ክንድ አየች።

«አምባርህ የት ነው?»

«ሮባ ጋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሴት የለችም?»

«የለችም።»

«ማንም?»

«ማንም። ስኳር ነው፣ ሶልዬ። ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ። ሌላውንም ስኳሩ ነው የወሰደው።»

የያዘችውን አስቀመጠች። «እኔ ፀጉሬን ቀለም ስነክር፣ እራቴን ስተው፣ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ስሰድብ፣ አንተ ዘበኛ ክንድ ላይ ነበርክ?»

ያቤጽ እግሩን አንስቶ ወንበሩ ላይ አኖረና ካልሲውን፣ ላስቲኩን፣ ፋሻውን ፈታ። ሶልያና ጎንበስ ብላ አየች። አልጮኸችም። ቀና ብላ የማሩን ሳህን ከፊቱ አነሳችና መስኮቱ ላይ አራቀችው።

«ሂድና አምባርህን አድርግ» አለች። «ከዚያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ስድቡን ስትድን እጨርስልሃለሁ።»

ዘበኛው ቤት በሩ ክፍት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል፤ ፎጣው ላይ አሥራ አራት አምባሮች ተሰልፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የባለቤቱ ስምና ፎቅ በሮባ እጅ ተጽፏል። ከጎን አንዲት ወረቀት ነበረች፦ «መንታ ወለደች። ሳልናገር በመሄዴ ይቅርታ። እያንዳንዳችሁ ‹ከኔ በቀር ለማንም እንዳትናገር› ስላላችሁኝ፣ ለማን መናገር እንዳለብኝ ግራ ገባኝ።»

ሟቾቹ በቢጃማና በነጠላ ጫማ አንድ በአንድ መጡ። እያንዳንዱ በሩ ላይ ሲደርስ የቀደመውን ያይና ቆም ይላል። ማንም ማንንም አላየም።

«እኔ እንኳ እንዲጠግንልኝ ነው የሰጠሁት» አለ ኢዮስያስ።

«እኔም ለጥገና ነው» አለ ሌላው።

«እኔም።»

ሁሉም ለጥገና ነበር። ዘበኛው እንዲህ ያለ ሙያ እንዳለው አንዳቸውም ለሌላው ነግረው አያውቁም።

በዚህ መካከል ከግቢው ጥግ ብረት ሲጎተት ተሰማ። ሱራፌል የእድሩን መጋዘን ከፍቶ የድንኳኑን ምሰሶ ብቻውን እየጎተተ ያወጣል። ደንቡ በሕይወት ያሉ ወንድ አባላት በሙሉ ይላል፤ በሙሉ ማለት ደግሞ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። አያቸው አያቸውና «አንድ ሰው ገመዱን ይያዝልኝ» አለ።

ያቤጽ ወደ ጠረጴዛው እያነከሰ ሄደ። የራሱን አምባር አነሳና ሁሉም እያዩት አጠለቀው። ሟች ሲነቃ ንባቡ ሌሊትን ሳይጠብቅ ወዲያው ይወሰዳል።

«እርማት» አለ የያቤጽ ድምፅ ከላይ። «አቶ ያቤጽ ደምሰው በሕይወት አሉ። በክትትል ላይ ናቸው። በርቱ እንላቸዋለን።»

ምድር ቤት፣ ከያቤጽ በር በላይ፣ ቢጫ መብራት በራ። ሶልያና ሥሩ ቆማ የሐኪም ቤት ቦርሳዋን ይዛለች። ያቤጽ ሄዶ ገመዱን ያዘ።

ሱራፌል አየውና «በርታ» አለው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ይህ ሳቅ ሩቅ አልሄደም።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ሰው አምባሩን አደረገ። እርማት። ከዚያ ሌላው። እርማት። ኢዮስያስ ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠና በሦስተኛው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጠለቀው። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አሥራ ሦስቱ ከሞት ተነስተው በክትትል ላይ ሆኑ፣ መብራቱ ፎቅ በፎቅ ቢጫ ሆነ፣ ድንኳኑም ቆመ።

አቶ ናሆም ግን አምባራቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው ዘበኛው ቤት ውስጥ ተቀመጡ፤ ጠባብ ስለሆነ እግራቸውን ገጥመው ነው። አምስት ሰዓት ላይ የልጅቷ ቤተሰቦች ሐዘን ሊደርሱ መጡ። አቶ ናሆም እስከ ስድስት ሰዓት ሞተው ቆዩ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ ወደ ዘበኛው ቤት በር እያዩ፣ ጠበቋቸው።